የልጅዎ ሁለት አውራ ጣቶች ፈጥነዋል፤ ስምንቱስ?

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ መናኸሪያ ለጥቂት ደቂቃ ቆም ብሎ መንገደኛውን የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ወጣቱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ተች ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ ይጽፋል። በባጃጅ ተሳፍሮ ይጽፋል፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይጽፋል፤ እየተራመደም ይጽፋል። ከጎኑ ያለችው እናት ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ባለ ቁልፍ ስልኳን ይዛ ቁጥር ትፈልጋለች፣ ወይም ተች ስልኳን ለልጇ አቀብላ «እስቲ እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» ትላለች።

ይህን የምታይ እናት ሁለት ነገር በልቧ ታስባለች። አንደኛው «ልጄ እንኳን ታይፕ ማድረግ ያውቃል፤ ቢሮ ቢገባ አይቸገርም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ለእኔ ግን ጊዜው አልፎብኛል፤ ይህ የልጆች ነገር ነው» የሚል ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ሁለቱም አሳብ የተሳሳተ መሆኑን ማስረዳት ነው። በስልክ መስታወት ላይ በአውራ ጣት መጻፍና በኪቦርድ ላይ በአሥር ጣት መጻፍ እንደ መርፌ ሥራና እንደ ሸማ ሥራ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ሁለቱም ክር ይዘው ይሠራሉ፤ ዳሩ ግን አንዱን ማወቅ ሌላውን ማወቅ አይደለም። አንደኛው ዘመድን ከዘመድ ሲያገናኝ፣ ሌላው የወር ደመወዝ ያስገኛል። ለቤተሰብ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ፊደላችንና ቁልፉ

የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ አንድ ቁልፍ ቢሰጠው ይበቃዋል። የእኛ ግን ከሀ እስከ ፐ 33 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 መልክ ስላለው 231 ይሆናል፤ እንደ ሏ፣ ቋ እና ጓ ያሉት ሲጨመሩበት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ ያለው መኪና ማንም አልሠራም፤ ቢሠራም የታይፒስቷ እጅ ከዳር እስከ ዳር አይደርስም ነበር።

ስለዚህ አማርኛን በመኪና ለመጻፍ ብልሃት መፈለግ ግድ ሆነ። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ለማዋል ከደከሙት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ደግሞ በአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሥራቸው ይታወቃሉ። በጽሕፈት መኪናው ላይ የተገኘው መፍትሔ የፊደሉን ገላ መትቶ ቅጥያውን ለብቻው መጨመር ነበር። በዚህም ምክንያት ጸሐፊዋ አንድ ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ የምትመታበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው፣ በተለምዶ ኮሜርስ የሚባለው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና እርሱን የመሰሉ ማሠልጠኛዎች ያፈሯቸው ጸሐፊዎች ይህንኑ መኪና እጃቸውን ሳያዩ ይመቱት እንደነበር ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ። የታይፕ ሙያ ለብዙ ኢትዮጵያውያት የቢሮን በር ከከፈቱት ሙያዎች አንዱ መሆኑም አይዘነጋም።

ከጽሕፈት መኪና በኋላ ኮምፒውተር መጣ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የኢትዮጵያን ፊደል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቋሚ ቁጥር ሰጠው። በዚያው ዓመት ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት አይፎን የተባለው ስልክ የፊደል ቁልፎችን ከስልክ ገላ ላይ አንሥቶ በመስታወት ላይ አሳያቸው። ሌሎችም ኩባንያዎች ተከተሉት። ቁልፍና መስታወት የተፎካከሩበት ዘመን የተጀመረው እንዲህ ነው ማለት ይቻላል።

ለአማርኛ መስታወቱ አንድ ትልቅ ጥቅም አመጣ። የመኪና ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተቀረጸበት ፊደል ሌላ አያሳይም፤ መስታወት ግን ያሳዩት ብለው ያዘዙትን ሁሉ ያሳያል። ደ የሚለውን ጫን አድርገው ሲይዙት ዱ፣ ዲ፣ ዳ፣ ዴ፣ ድ እና ዶ በላዩ ተደርድረው ይወጣሉ። ዘመናት የፈጀው «231 ፊደል የት ይቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ በመዳፍ ላይ መልስ አገኘ።

የትኛው ይፈጥናል?

በአሮጌው ባለ ቁልፍ ስልክ የእንግሊዝኛው 26 ፊደል የተከፋፈለው በ8 ቁልፎች ላይ ነው። «ሰላም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ 7 ቁጥርን 4 ጊዜ፣ 3 ቁጥርን 2 ጊዜ፣ 5 ቁጥርን 3 ጊዜ፣ 2 ቁጥርንና 6 ቁጥርን አንድ አንድ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ድምሩ 11 ነው። በተች ስልክም ሆነ በኮምፒውተር፣ በድምፅ በሚሠራው የአማርኛ ዘዴ ግን ሰ እና ላ በሁለት ሁለት ምት፣ ሳድሱ ም ደግሞ በአንድ ምት ስለሚወጡ ድምሩ 5 ነው። ኮምቦልቻ የሚለው ስም በዚሁ ዘዴ 8 ምት ይበቃዋል።

በተች ስልክና በኮምፒውተር ኪቦርድ መካከል ያለውን ልዩነት በተመለከተ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሰፊ ጥናት አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና ከ37,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በስልክ መስታወት ላይ የሚጽፍ ሰው በአማካይ በደቂቃ 36 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት እንደሚጽፍ አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2018 በኮምፒውተር ኪቦርድ በሚጽፉ 168,000 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ አማካዩን 52 ቃላት አድርሶታል። በስልክ አጻጻፍ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 የሆኑት ከወላጆቻቸው ትውልድ በደቂቃ በ10 ቃላት ገደማ ይበልጣሉ። እንግዲህ «ልጄ ይበልጠኛል» የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን ያው ፈጣን ልጅ በስልክ የሚጽፈው በኪቦርድ በሚሠራው አማካይ ሰው ፊት ዝግተኛ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በኪቦርድ ላይ አሥር ጣት ይሠራል፤ በመስታወት ላይ ግን ሁለት ብቻ። ከዚህም ሌላ ቁልፍ ጠርዝ አለው። ኤፍ እና ጄ በተባሉት የኪቦርድ ቁልፎች ላይ በጣት ጫፍ የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለች፤ የሁለቱ እጆች ሌባ ጣቶች በእነርሱ ላይ ሲያርፉ ሌሎቹ ጣቶች ቦታቸውን በራሳቸው ያገኛሉ። ስለዚህ የሠለጠነች ጸሐፊ ዓይኗ ከወረቀቱ ላይ ሳይነሣ ትጽፋለች። በባለ ቁልፍ ስልክም 5 ቁጥር ላይ የምትዳሰስ ምልክት ያለችው ለዚሁ ነው፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጥቅሟ እጅግ የላቀ ነው። መስታወት ግን ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ በመሆኑ ጣት የት እንዳረፈ የሚናገረው ዓይን ብቻ ነው። ረጅም ደብዳቤ ከወረቀት ወደ ስልክ ለመገልበጥ የሞከረ ሰው ዓይኑ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ እንደሚደክም ያውቃል።

የቤት እመቤቶች የሚያነሡት አንድ ሌላ ችግርም አለ። የተች ስልክ መስታወት ጣትን የሚያውቀው በግፊት ሳይሆን ቆዳችን በሚያመጣው ጥቂት የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። በዚህ ምክንያት በጥፍር ወይም በጨርቅ ጓንት ሲነኩት አይሰማም፤ እጅ ሊጥ ወይም ውኃ ሲነካው ደግሞ ያልነኩትን ፊደል ይጽፋል። በሥራ ብዛት የደረቀና የሻከረ ጣትንም አንዳንድ ጊዜ አይቀበልም። በጦሳ ሥር ባለችው በደሴ በብርድ የደነዘዘ ጣት፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ቆላው ወረድ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ ደግሞ በላብ የራሰ ጣት መስታወቱን ያደናግሩታል። «ስልኩ አልታዘዝ አለኝ፤ እኔ ስለማላውቅ ነው» ብለው ራስዎን ከመውቀስዎ በፊት እጅዎን ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው እንደገና ቢሞክሩ መልካም ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ግን ማንም ይጫነው ማን ይታዘዛል፤ ባትሪውም ለቀናት ይቆያል። ስለዚህ በቤት ያለው አሮጌ ስልክ ሊናቅ አይገባውም።

የጌም ጣት

የልጆቻችን አውራ ጣቶች ይህን ያህል ከፈጠኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ጨዋታ ነው። ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ሲያወጣ ሥራውን ሁሉ ለአውራ ጣት ሰጠው። በ2004 የወጣው ሌላው መጫወቻው ደግሞ በንክኪ የሚሠራ መስታወት ነበረው። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ለመዝለያና ለመተኮሻ የሚሆን ቁልፍ እንጂ የፊደል ቁልፍ የለም። ልጁ ስሙን መጻፍ ሲፈልግ በመስታወቱ ላይ የተሣሉትን ፊደላት አንድ በአንድ መልቀም አለበት። በእኛ አገር እነዚህን መሣሪያዎች የያዘ ልጅ እምብዛም አይታይም፤ ጌም ቤት የማይሄደው ልጅ ጨዋታውን የሚጫወተው በእናቱ ስልክ ነው።

ጨዋታ በልኩ ሲሆን የሚጠላ ነገር አይደለም። እናት ልታውቀው የሚገባት ግን በጨዋታ የፈጠነ ጣት የሠለጠነ ጣት አለመሆኑን ነው። ከዚህም በላይ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በአውራ ጣት ሥር፣ በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ጅማት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ያብጣል፤ ያማል። ይህ ሕመም ሕፃን ደጋግመው በሚያነሡ አራሶች ላይም የሚታይ ነው። ስለዚህ ጨቅላ የታቀፈች እናት ሌሊት ስታጠባ በአንድ እጇ ረጅም ጽሑፍ ባትጽፍ ለጤናዋ ይበጃታል።

ሥራ ፈላጊዋ ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንዲት ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ልትፈልግ ተነሣች እንበል። በኮምቦልቻ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም አለ፤ በደሴ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ በማናቸውም ውስጥ በመዝገብ ቤት፣ በግምጃ ቤት፣ በደመወዝ ክፍል ወይም በጽሕፈት ክፍል የሚሠራ ሰው ፊቱ የሚጠብቀው ባለ ቁልፍ ኪቦርድ ነው። የሠራተኞች ስም ዝርዝርና የዕቃ ገቢና ወጪ በአውራ ጣት ተጽፎ አያልቅም።

ልጅቱ በስልኳ እንደ ንፋስ የምትጽፍ ናት። ለፈተና ተጠርታ ከኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ግን ሁለቱ አውራ ጣቶቿ የሚሠሩት ነገር ያጣሉ፤ በኪቦርድ ላይ የአውራ ጣት ድርሻ ረጅሙን የክፍተት ቁልፍ መጫን ብቻ ነውና። ሌሎቹ ስምንት ጣቶች ደግሞ ምንም ትምህርት አላገኙም። ስለዚህ በሁለት ሌባ ጣቶቿ እየፈለገች መልቀም ትጀምራለች። በስልኳ ላይ ቃሉን ገና ሳትጨርሰው ይሞላላት የነበረው ረዳትም እዚህ የለም፤ ፊደል ስትገድፍ የሚያርማት የለም። ችሎታ አጥታ ሳይሆን ማንም «ይህ ሌላ ሙያ ነው» ብሎ ስላልነገራት ትቸገራለች።

አንድ ተጨማሪ ነገር እንጠቁም። በአንዳንድ ቢሮዎችና ጽሕፈት ቤቶች ዛሬም ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የቀድሞ የፊደል ቅርጾች ይጻፋል። በዚህ የተዘጋጀ ማመልከቻ ወይም የሕይወት ታሪክ መግለጫ በወረቀት ሲታተም ያማረ ነው፤ በስልክ ሲላክ ግን የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ልጅዎ ማመልከቻ በጽሕፈት ቤት ስታስጽፍ «በዩኒኮድ ይሁንልኝ» ብላ እንድትጠይቅ፣ ከከፈለችም በኋላ በስልኳ ላይ ከፍታ እንድታይ ይንገሯት። በዚህ ትንሽ ጥንቃቄ ጉድለት ምክንያት ማመልከቻዋ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል።

የእናት ደብዳቤ

እስካሁን ስለ ልጆቻችን ተናገርን። ስለ እርስዎስ? በደቡብ ወሎ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ወይም እኅት ያላት እናት ብዙ ናት። ቀድሞ ደብዳቤ በሰው እጅ ይላክ ነበር፤ «እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር» የሚለው ቃል ወር ሙሉ ተጉዞ ይደርስ ነበር። ዛሬ በኢሞና በቴሌግራም ድምፅ በደቂቃ ይደርሳል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ድምፅ ሁሉን አያደርግም። ልጅቱ በሰው ቤት ስትሠራ የእናቷን ድምፅ ከፍ አድርጋ የምትሰማበት ጊዜና ቦታ ላይኖራት ይችላል፤ ጽሑፍን ግን በዝምታ ታነባለች። አድራሻ፣ የስልክ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን፣ ቀን፣ እነዚህ ሁሉ በድምፅ ውስጥ ሲፈለጉ ያደክማሉ፤ ተጽፈው ሲገኙ ግን በዓይን ጥቅሻ ይታያሉ። ኔትዎርክ ሲደክም፣ ኢንተርኔትም ሲጠፋ የድምፅ መልእክት አያልፍም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰበት ወቅት ስልክ ተቋርጦ የቆየበትን ጭንቀት የሚያስታውስ ሰው «ደህና ነኝ» የሚለው አንድ መስመር ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አይስተውም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ ደብዳቤ የእናት ብቻ አይደለም። እናት ለልጇ የምትነግራት፣ ልጅም ለእናቷ የምትነግራት ነገር አለ፤ በጎረቤት ልጅ ወይም በትንሽ ወንድም ፊት የማይነገር። ስለ ጤናዋ፣ ስለ አሠሪዋ ጠባይ፣ ስለ ተቆረጠ ደመወዝ፣ ስለ ትዳር አሳብ፣ በሴት ገላ ላይ ስለሚደርሰው ሁሉ። ወንድሟ እንደሚያነበው የምታውቅ ልጅ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብላ ትዘጋዋለች። እናትም ጸሐፊዋ ፊት የምትፈልገውን ሳትጠይቅ ትቀራለች። እንዲህ ሆኖ በየቀኑ እየተጻጻፉ የልብ ነገር ሳይነጋገሩ ዓመት ያልፋል። እናት ራሷ አንድ መስመር መጻፍ ስትችል ግን መካከላቸው የቆመው ሦስተኛ ሰው ይነሣል።

«እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጥንት ነው» የሚሉ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ የተማሩ፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚጽፉበት ጉዳይ ስላላገኙ እርሳስ ከእጃቸው የራቀ ብዙ ናቸው። ለእነዚህ እናቶች ተች ስልክ ከእርሳስ ይቀላል። በእርሳስ ሲጻፍ የፊደሉን ቅርጽ ከአእምሮ አውጥቶ መሣል ያስፈልጋል፤ በስልክ ግን ፊደሉ ተሥሎ ይጠብቃል፤ የሚፈለገው አውቆ መንካት ብቻ ነው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብለው በቃል የያዙት ቤት አሁን በመስታወት ላይ ተደርድሮ ይወጣል።

«በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ» ለሚሉ

አንዳንድ ወጣቶች አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋሉ። ልማዱ የመጣው ከባለ ቁልፍ ስልክ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ በብዙዎቹ ስልኮች ላይ አማርኛ አልነበረም። ሁለተኛው ምክንያት ሒሳብ ነው። አንድ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ነገር ግን የእኛ አንድ ሆሄ የሁለቱን ያህል ይሸከማል። «ሰላም ነሽ ወይ ልጄ» የሚለው ከነክፍተቱ በአማርኛ 12 ሆሄ ሲሆን በእንግሊዝኛ ፊደል 19 ነው። በዚህ ስሌት የእኛ 70 ሆሄ የእንግሊዝኛውን 110 ያህል ይተካል። በኢንተርኔት በሚላከው በቴሌግራም ደግሞ ይህ ገደብ የለም።

ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ብዙ ጊዜ አይለዩም። «አክስትሽ መጣች» እና «አክስትሽ መታች» አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ! እናት ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ካልለመደች የልጇን መልእክት ማንበብ አትችልም። የራስን ቋንቋ ከራስ እናት መደበቅ ማለት ይህ ነው።

ምን ይደረግ?

1ኛ/ በስልክዎ ላይ አማርኛ ያስገቡ። በሴቲንግ ውስጥ ስለ ቋንቋና ስለ ኪቦርድ በሚናገረው ክፍል ገብቶ አማርኛን መጨመር የአንድ ጊዜ ሥራ ነው። ልጅዎ ያድርግልዎ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን ተቀብለው ራስዎ ይጻፉ። የፊደሉን መጠን ማጉላትም ይቻላል።

2ኛ/ በአንድ ጊዜ ብዙ አይሞክሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ስምዎንና የልጆችዎን ስም፣ በሁለተኛው ሰላምታ፣ በሦስተኛው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ስልኩ ራሱ የሚሞላውን ቃል ሳያነቡ አይላኩ።

3ኛ/ ገንዘብ ሲልኩ ይጠንቀቁ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ቴሌብር በተች ስልክም፣ *127# በመደወል በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። በመስታወት ላይ ቁጥሮች ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ጣት ይስታል። የተቀባዩ ስም ሲመጣልዎ አንብበው ሳያረጋግጡ አይጫኑ። የምስጢር ቁጥርዎን በሌላ ሰው አያስጽፉ።

4ኛ/ ልጅዎ የአሥር ጣት አጻጻፍ ትማር። ትምህርት ቤቷ ወይም የሙያ ማሠልጠኛዋ ኮምፒውተር ካለው ዕድሉን ትጠቀምበት። በቤት ኮምፒውተር ከሌለስ? ብዙዎቹ ተች ስልኮች ኦቲጂ በምትባል ትንሽ ማገናኛ ተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ ይቀበላሉ። ያገለገለ ኪቦርድና ይህችን ማገናኛ መግዛት ኮምፒውተር ከመግዛት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት ግን ስልኩ መቀበሉን ባለሱቁ ፊት ሰክተው ይሞክሩት። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ ኪቦርዱ ከፊቱ ተቀምጦ፣ የጨዋታው ዕቃ የሙያ መለማመጃ ሆነ ማለት ነው።

5ኛ/ ልምምዱ ሥርዓት ይኑረው። የግራ እጅ ጣቶች በኤ፣ በኤስ፣ በዲ እና በኤፍ ላይ፣ የቀኝ እጅ ጣቶች ደግሞ በጄ፣ በኬ፣ በኤልና ከአጠገቡ ባለው ቁልፍ ላይ ይረፉ። እጅ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ሳያዩ መምታት የጥንት ታይፒስቶች ብልሃት ነው። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለረጅም ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ጥቂት ይሻላል። በመጀመሪያ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ልጅቱም «በሁለት ጣት ይሻለኛል» ትላለች። እዚህ ላይ የእናት ማበረታቻ ያስፈልጋል። የጣቶቹን ቦታ በእንግሊዝኛ ፊደል የለመደች ልጅ በድምፅ የሚሠራውን አማርኛ በዚያው ቦታ ታገኘዋለች፤ ሰ በኤስ፣ ለ በኤል ሥር ነውና።

6ኛ/ ልውውጥ ያድርጉ። ልጅዎ በመስታወት ላይ መጻፍ ያስተምርዎ፤ እርስዎም በልጅነትዎ የቆጠሩትን ፊደል አስተካክሎ መጻፍ ያስተምሩት። ሠዓሊው ሠ፣ ሰላሙ ሰ፣ ሐኪሙ ሐ መሆኑን ስልክ አያስተምርም። እናት ለልጅ፣ ልጅም ለእናት መምህር ሲሆኑ ማንም አያፍርም።

ውድ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፣ ቁልፍ ይሻላል ወይስ መስታወት ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእጃችን ባለው ሥራ የሚወሰን ነው። ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቁልፍ፣ ለሩቁ ዘመድ መስታወት ይሻላል። የሚያሳዝነው ልጅቱ በአውራ ጣቷ ፍጥነት ተዘናግታ ሙያውን ሳትማር፣ እናትም የልጆች ነገር ነው ብላ ብዕሯን ለሌላ ሰጥታ ሲቀሩ ነው። ስለዚህ የልጅቱ ስምንት ጣቶች ከነገ ጀምሮ ሥራ ይሰጣቸው። እርስዎም ዛሬ ማታ የእራቱ ዕቃ ታጥቦ እጅዎ ሲደርቅ ስልክዎን አንሥተው ያቺኑ 12 ሆሄ በራስዎ ጣት ጽፈው ይላኩ፤ «ሰላም ነሽ ወይ ልጄ»። ልጅቱ የማን እጅ እንደጻፈው ማወቋ አይቀርም።